የሮሂንጂያ ሕዝብ ስደት መነሻው ሃይማኖት ነው ወይስ የዜግነት ሕግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዘፒያሳ

ውድ የውይይቱ ተሳታፊዎች፣ በሚያንማር ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በራካይን ስለሚኖረው ሙስሊም ስለ ሮሂንጂያ ሕዝብ በአማርኛ የማገኘው ዜና በአብዛኛው የሚጀምረውም የሚያበቃውም በ2017 ከ700,000 በላይ ሰዎች ከሚያንማር፣ በቀድሞ ስሟ ከበርማ፣ ወደ ባንግላዴሽ መሰደዳቸውን በመግለጽ ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ምክንያቱ ሲነሣም «በቡድሂስቶችና በሙስሊሞች መካከል የተነሣ ግጭት» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ማብራሪያ አላረካኝም። በሚያንማር ሌሎች ሙስሊሞች፣ ክርስቲያኖችና ሂንዱዎችም ይኖራሉ፤ ታዲያ በአንድ ጠረፍ የሚኖረው ይህ ሕዝብ ከሌሎቹ ተለይቶ በጅምላ እንዲነቀል ያደረገው ምንድን ነው? አንዳንዶች የመሬትና የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ ጉዳይ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ እንግሊዞች ጥለውት የሄዱት ጣጣ ነው ይላሉ። ታሪኩን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የዘመን መዝገብ

«የሃይማኖት ግጭት» የሚለው አገላለጽ ጥቂት እውነት ቢኖረውም ዋናውን ተዋናይ፣ ማለትም መንግሥትን፣ ከታሪኩ ስለሚያወጣ ያሳስታል። በእኔ እምነት የስደቱ ሥር ያለው በዜግነት አሠራሩ ውስጥ ነው፤ ይህ ሕዝብ የአገሩ ተወላጅ መሆኑን በየዘመኑ እንዲያስረዳ ሲጠየቅ፣ የሚያስረዳበት ወረቀት ደግሞ በየዘመኑ ከእጁ ሲወሰድ ኖሯል። ይህን ለማሳየት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል።

ራካይን፣ በቀድሞ ስሙ አራካን፣ በሚያንማር ምዕራባዊ ዳርቻ የተዘረጋ የባሕር ጠረፍ ነው። ከአገሪቱ መካከለኛ ክፍል በተራራ ሰንሰለት የተለየ ሲሆን በሰሜን በኩል ከዛሬዋ ባንግላዴሽ ጋር የሚያዋስነው የናፍ ወንዝ ነው። ከ1430 ጀምሮ በምራውክ ኡ የነገሡት የአራካን ነገሥታት ቡድሂስቶች ቢሆኑም ከቤንጋል ሡልጣኖች ጋር የጠበቀ ግንኙነት ስለነበራቸው አንዳንዶቹ በገንዘባቸው ላይ የሙስሊም ማዕረግ ያስቀርጹ ነበር። ሙስሊሞችም በዚያ መንግሥት በነጋዴነት፣ በወታደርነትና በቤተ መንግሥት አገልጋይነት ይኖሩ ነበር፤ ከቤንጋል ጠረፍ ተማርከው በባርነት የመጡትም ብዙዎች ነበሩ። የበርማው ንጉሥ ቦዳውፓያ በ1784 ዘምቶ አራካንን ሲይዝ እጅግ ብዙ ሕዝብ በእንግሊዞች ሥር ወደነበረው በዛሬዋ ባንግላዴሽ ወደሚገኘው ወደ ቺታጎንግ ሸሸ። እነዚህን ስደተኞች እንዲያሰፍር የተመደበው የእንግሊዝ መኮንን ሂራም ኮክስ ይባል ነበር፤ ዛሬ የሮሂንጂያ መጠለያዎች የሚገኙበት ኮክስ ባዛር ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። (የዚያን ጊዜዎቹ ስደተኞች በአብዛኛው ቡድሂስት አራካናውያን እንደነበሩ ልብ ይሏል።) በ1799 ደግሞ ፍራንሲስ ቡካነን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በበርማ ግዛት ስለሚነገሩ ቋንቋዎች ሲጽፍ፣ በአራካን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የሰፈሩ ሙስሊሞች ራሳቸውን «ሩዊንጋ» ብለው እንደሚጠሩ መዝግቧል።

እንግሊዝ አራካንን በእጇ ያስገባችው ከ1824 እስከ 1826 ከተካሄደው ጦርነት በኋላ በያንዳቦ ውል ነው። ከዚያ ወዲህ አክያብ፣ የዛሬዋ ሲትዌ፣ ሩዝ ወደ ውጭ የምትልክ ወደብ ሆነች፤ ለሩዝ እርሻውም ከቺታጎንግ ብዙ ሠራተኞች ገቡ፤ ከፊሎቹ ለአጨዳ መጥተው ሲመለሱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ስለዚህ ከእንግሊዝ በፊት የነበረ ሙስሊም አለ፤ በእንግሊዝ ዘመን የገባም አለ፤ ሁለቱም በጋብቻና በቋንቋ ተዋሕደው ብዙ ትውልድ አልፏል። ዛሬ ማን ከየትኛው ወገን እንደተወለደ ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ የሚያንማር ሕግ ግን የሚጠይቀው በትክክል ይህን ነው።

ነጻነት በተገኘበት በ1948 የወጣው የዜግነት ሕግ ያን ያህል የከፋ አልነበረም። ሮሂንጂያዎች ብሔራዊ መታወቂያ ይዘዋል፣ መርጠዋል፣ ተመርጠዋል፤ ሡልጣን ማህሙድ የተባሉ የአራካን ሙስሊም በጠቅላይ ሚኒስትር ኡ ኑ መንግሥት የጤና ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። በ1961 ሰሜናዊው አካባቢ የማዩ ድንበር አስተዳደር ተብሎ ራሱን የቻለ አስተዳደር ተቋቋመለት፤ የመንግሥት ሬዲዮም በሮሂንጂያ ቋንቋ ፕሮግራም ነበረው። በ1962 ጄኔራል ኔ ዊን ሥልጣን ሲይዙ ይህ ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈረሰ። በ1978 «ናጋ ሚን» በተባለው ዘመቻ ወታደሩና የኢሚግሬሽን ሠራተኛው «ሕገ ወጥ የውጭ ዜጎችን እንለያለን» ብለው መንደር ለመንደር ሲዘምቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች ናፍን ተሻገሩ። አብዛኞቹ በስምምነት ተመለሱ፤ የተመለሱበት አገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ አዲስ የዜግነት ሕግ አወጣ።

የ1982ቱ ሕግ ዜግነትን ሙሉ፣ ተጓዳኝ እና በጥያቄ የሚሰጥ ብሎ በሦስት ደረጃ ከፈለው። በትውልድ ሙሉ ዜጋ የሚሆነው ከ1823 በፊት በአገሪቱ ሰፍሮ የነበረ «ነባር ብሔር» ተወላጅ ነው። ዓመቱ ለምን እንደተመረጠ መገመት አያስቸግርም፤ የእንግሊዝ ጦርነት ከተጀመረበት ዓመት አንድ ዓመት ይቀድማል። ኋላ መንግሥት ነባር ብሔሮችን 135 ብሎ ሲዘረዝር ሮሂንጂያ አልተካተቱም። ብዙ ጸሐፊዎች የሚዘሉት ነገር ግን አለ፤ ይኸው ሕግ በወጣበት ዕለት ዜጋ የነበረ ሰው ዜግነቱን እንደያዘ እንደሚቀጥል በግልጽ ይደነግጋል። እንግዲህ ሰውን አገር አልባ ያደረገው ከሕጉ አንቀጽ ይልቅ የጽሕፈት ቤቱ መስኮት ነው። ከ1989 ጀምሮ አሮጌው መታወቂያ በአዲስ ይለወጣል ተብሎ ተሰበሰበ፤ አሮጌውን ያስረከቡ ሮሂንጂያዎች አዲሱን አላገኙም። በ1995 ጊዜያዊ ነጭ ካርድ ይታደላቸው ጀመር፤ በ2015 እርሱም ተሰረዘና በዚያው ዓመት ምርጫ የመምረጥም የመመረጥም መብት አጡ። በ2014ቱ የሕዝብ ቆጠራ «ሮሂንጂያ ነኝ» ያለ ሰው እንዲዘለል በመደረጉ በራካይን አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሳይቆጠር ቀረ። ቀጥሎ የመጣው «የማጣሪያ ካርድ» ደግሞ ያዢው ዜግነቱ ገና የሚመረመር ሰው መሆኑን በፊርማው እንዲያምን የሚያደርግ ስለነበር ብዙዎቹ አንቀበልም አሉ።

መታወቂያ የሌለው ሰው ከመንደር መንደር ለመሄድ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። በሰሜን ራካይን ባሉት በማውንግዳውና በቡቲዳውንግ ለማግባትም ፈቃድ ይጠየቅ ነበር፤ ፈቃድ የሚያገኙ ጥንዶችም ከሁለት ልጅ በላይ ላለመውለድ እንዲፈርሙ ይደረጉ ነበር። ይህን ያስፈጽም የነበረው በ1992 ተቋቁሞ በ2013 የፈረሰው «ናሳካ» የተባለ የድንበር ኃይል ነው። የ2017ቱ መፈናቀል የመጣው በ1978 ከ200,000 በላይ፣ በ1991 እና 1992 ደግሞ 250,000 ያህል ሰው ከተሰደደ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ወቅት በተነሣ የጎረቤታሞች ጠብ ማስረዳት አይቻልም።

መልስ፦ መምህር ከሐዋሳ

ስለ ሕጉ የተጻፈውን እቀበላለሁ። ነገር ግን ሁሉን ነገር ከመንግሥት መስሪያ ቤት ብቻ ያወጣን እንደሆነ፣ የራካይን ቡድሂስት ገበሬ በ2012 ጎረቤቱን ለማባረር ለምን ዱላ ይዞ እንደወጣ ሊገባን አይችልም። ሁለት ነገሮችን ልጨምር።

የመጀመሪያው 1942 ነው። ጃፓን በርማን ስትወር እንግሊዞች ሲያፈገፍጉ አራካን ያለ አስተዳዳሪ ቀረች። ቡድሂስት ራካይኖች በአብዛኛው ከጃፓንና ከእርሷ ጋር ከተሰለፈው የበርማ ነጻነት ጦር ጋር ሲቆሙ፣ እንግሊዞች ደግሞ «ቪ ፎርስ» ለተባለው የቅኝት ጦራቸው ሙስሊሞችን መለመሉ። በዚያ መካከል ሁለቱም ወገን ተጨፋጨፈ፤ ሙስሊሞች ወደ ሰሜን፣ ቡድሂስቶች ወደ ደቡብ ሸሹ። የዛሬው የሕዝብ አሰፋፈር፣ ሙስሊሙ በማውንግዳውና በቡቲዳውንግ በርክቶ መታየቱ፣ በከፊል ያን ጊዜ የተሠራ ነው። ከጦርነቱ በኋላ አንዳንድ የሰሜኑ ሙስሊም መሪዎች አካባቢያቸው ከፓኪስታን (የዛሬዋ ባንግላዴሽ ያን ጊዜ የእርሷ ክፍል ነበረች) ጋር እንዲቀላቀል ጠየቁ፤ ጥያቄው ተቀባይነት ሲያጣ የሙጃሂድ አመፅ ተነሥቶ እስከ 1961 ቆየ። ጥያቄው የጥቂቶች ነበር፤ የሚያንማር ጦር ግን እስከ ዛሬ ሕዝቡን በሙሉ በዚያ ይከስሰዋል።

ሁለተኛው ራካይኖች ራሳቸው የተገፉ ሕዝብ መሆናቸው ነው። መንግሥታቸውን ያጠፋው የበርማ ንጉሥ ነው፤ ክልላቸው በአገሪቱ እጅግ ድሃ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከላይ የአገሪቱ ብዙኃን በሆኑት በበርማኖች፣ ከጎን በሕዝብ ብዛት በሚያይለው ሙስሊም ተይዘናል የሚል ስጋት አላቸው። ጦሩ ይህን ስጋት ሳያስታግስ ሲጠቀምበት ኖሯል። በጁን 2012 የተጀመረውና በኦክቶበር ያገረሸው ሁከት 140,000 ያህል ሰው ሲያፈናቅል፣ አብዛኞቹ ሮሂንጂያዎች በሲትዌ ዙሪያ በተከለሉ ሰፈሮች ታጉረው ቀሩ።

ሃይማኖትን በተመለከተ ደግሞ የካማን ሙስሊሞችን እናስብ። ካማኖች ከ135ቱ ነባር ብሔሮች መካከል ናቸው፤ ዜግነታቸው አያከራክርም። ይህም ሆኖ በኦክቶበር 2012 ከቻውክፒዩ ከተማ ከሮሂንጂያዎች ጋር አብረው ተባረሩ። በማርች 2013 በመካከለኛው በርማ በሜይክቲላ ከተማ የተገደሉት ሙስሊሞችም ሮሂንጂያ አልነበሩም። ስለዚህ «ሁሉም የዜግነት ጉዳይ ነው» የሚለውም ልኩን ያልፋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ዘፒያሳ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር አልጠራልኝም። ከ2011 በኋላ አገሪቱ ወደ ሲቪል አስተዳደር እየተሸጋገረች ነው ሲባል፣ በ2016 ደግሞ የኖቤል የሰላም ተሸላሚዋ አውንግ ሳን ሱ ቺ ወደ ሥልጣን ሲመጡ ነገሩ መሻሻል ሲገባው እንዴት ባሰ? ስለ ቧንቧው የሚባለውስ?

መልስ፦ የሕግ ተማሪ

ከቀላሉ ልጀምር። ከቻውክፒዩ ተነሥቶ ወደ ቻይና የሚሄደው የጋዝ ቧንቧ በ2013፣ የድፍድፍ ነዳጁ በ2017 ሥራ ጀምረዋል። ቻውክፒዩ ግን በራካይን ደቡባዊ ወገን ያለ ነው፤ በ2017 የተቃጠሉት መንደሮች በሰሜን፣ በማውንግዳው፣ በቡቲዳውንግና በራቲዳውንግ ናቸው። ከስደቱ በኋላ የተቃጠሉ መንደሮች በቡልዶዘር ተደምስሰው የጦር ሰፈርና መንገድ እንደተሠራባቸው በሳተላይት ምስል ታይቷል፤ ይህ ግን ጥቅሙ ከወንጀሉ በኋላ እንደተሰበሰበ እንጂ ወንጀሉ ለእርሱ ሲባል እንደተፈጸመ አያሳይም። ቻይና በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሚያንማርን መከላከሏን ለመረዳት ቧንቧው ይረዳል፤ ከዚያ በላይ አላየውም።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመለስ፣ የፖለቲካው መከፈት ጥላቻውን ከአፈናው ጋር አብሮ ፈታው። አሺን ዊራቱ የተባሉት መነኩሴ ሙስሊሞችን በማነሣሣት በ2003 ታስረው በ2012 መጀመሪያ በምሕረት ተለቀቁ፤ «969» የተባለው የሙስሊም ሱቆችን ያለመሸመት ዘመቻ ዋና ሰባኪም ሆኑ። በ2015 ፓርላማው የመነኮሳቱን ማኅበር ግፊት ተቀብሎ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሃይማኖት መቀየርና ስለ ወሊድ ቁጥጥር ሙስሊሞችን ያነጣጠሩ አራት ሕጎችን አወጣ። በዚያው ሰሞን በወታደራዊው ዘመን ለተራ ሰው የማይቀመስ የነበረው የሲም ካርድ ዋጋ በ2014 ሁለት የውጭ ኩባንያዎች ሲገቡ ወደ አንድ ዶላር ተኩል ገደማ ወረደ፤ ለአብዛኛው ሕዝብም ፌስቡክ ማለት ኢንተርኔት ማለት ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የማጣራት ተልዕኮ በ2018 ባወጣው ሪፖርት ፌስቡክ ጥላቻን ለሚያሰራጩ ሰዎች ጠቃሚ መሣሪያ እንደነበር ገልጿል፤ ኩባንያው ራሱም በዚያው ዓመት በቂ ሥራ እንዳልሠራ አምኗል። የጦር መኮንኖች በሐሰት ስም በከፈቷቸው የመዝናኛ ገጾች ሲነዙት የኖሩት ወሬ በኋላ ተጋልጧል። በ2021 የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ኩባንያው ስትመሰክር ከሚያንማር ቀጥላ የጠራችው የእኛን አገር ነበር።

ሱ ቺን በሚመለከት ሥልጣናቸው የሚመስለውን ያህል አልነበረም። የ2008ቱ ሕገ መንግሥት ከፓርላማው ወንበር ሩቡን ለጦሩ ይሰጣል፤ የመከላከያ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይና የድንበር ሚኒስትሮችንም የሚያቀርበው የጦሩ አዛዥ ነው። እስከዚህ ድረስ ምክንያት አላቸው። ነገር ግን ፓርቲያቸው በ2015ቱ ምርጫ አንድም ሙስሊም እጩ አላቀረበም፤ በዲሴምበር 2019 ደግሞ ጋምቢያ በዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ሚያንማርን በዘር ማጥፋት በከሰሰችበት ጉዳይ ራሳቸው ዘ ሄግ ሄደው ለጦሩ ተከራከሩ። ማንም አላስገደዳቸውም።

የ2017ቱን ነገር በአጭሩ እነሆ። በሴፕቴምበር 2016 ሥራ የጀመረው በኮፊ አናን የተመራው አማካሪ ኮሚሽን ኦገስት 24 ቀን 2017 የዜግነት ሕጉ እንዲመረመርና የመዘዋወር ገደቡ እንዲነሣ መክሮ ሪፖርቱን አወጣ። በማግሥቱ ሌሊት «አርሳ» የተባለው የሮሂንጂያ ታጣቂ ቡድን 30 ያህል የፖሊስ ጣቢያዎችን አጠቃ፤ በዚያው ዕለት ይኸው ቡድን በሂንዱ መንደሮች ላይ ጭፍጨፋ መፈጸሙን አምነስቲ ኢንተርናሽናል አረጋግጧል። የጦሩ ምላሽ ግን ታጣቂን የመፈለግ መልክ አልነበረውም፤ ከ390 በላይ መንደሮች በሙሉ ወይም በከፊል ተቃጠሉ፣ ሴቶች በጅምላ ተደፈሩ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በመጀመሪያው ወር ብቻ ቢያንስ 6,700 ሰው በጥቃት እንደሞተ ገምተዋል። በኢን ዲን መንደር አሥር ወንዶች እንዴት እንደተገደሉ ያጋለጡ ሁለት የሮይተርስ ጋዜጠኞች ከ500 ቀናት በላይ ታሰሩ።

መልስ፦ ሐያት ከጅዳ

እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው። እዚህ ሳዑዲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን «ቡርማውያን» እያልን የምንጠራቸው የመካና የጅዳ ነዋሪዎች በአብዛኛው ሮሂንጂያዎች ናቸው። ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የገቡ፣ እዚሁ የተወለዱ ናቸው፤ የያዙት ፓስፖርት ካለም የባንግላዴሽ ወይም የፓኪስታን ነው። በ2020 የሳዑዲ መንግሥት ከ50,000 በላይ ለሚሆኑት ፓስፖርት እንድትሰጥ ባንግላዴሽን ጠይቆ ነበር፤ ባንግላዴሽ ደግሞ የእኔ ዜጎች አይደሉም ስትል ኖራለች። ከሁለት ያጡ ሕዝቦች ናቸው። ወንድማችን መምህሩ ስለ ካማን ሙስሊሞች ያነሡት እውነት ነው፤ ሆኖም ካማኑ ቢባረርም ፓስፖርት ያወጣል፣ ያንጎን ሄዶ ይኖራል። ሮሂንጂያው ከተባረረ የሚመለስበት የለውም። የዜግነቱ ጉዳይ ለእኔ ክብደቱ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው።

መልስ፦ የዘመን መዝገብ

እህታችን ሐያት የተናገሩት ለመምህሩም መልስ ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ የሃይማኖት ጥላቻው ሰውን ከቤቱ ሲያስወጣው እንዳይመለስ ያደረገው ወረቀቱ ነው። በኖቬምበር 2017 ባንግላዴሽና ሚያንማር የመመለሻ ስምምነት ተፈራርመው፣ በኖቬምበር 2018 እና በኦገስት 2019 ስደተኞችን ለመመለስ አውቶቡስ ተዘጋጅቶ ነበር። በፈቃዱ የተሳፈረ አልተገኘም፤ ምክንያቱም በድንበሩ ማዶ የሚጠብቃቸው ያው የማጣሪያ ካርድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ልጨምር፤ ብዙ ሰው ጉዳዩን በ2017 ላይ ያቆመዋልና። በፌብሩዋሪ 2021 ጄኔራል ሚን አውንግ ህላይንግ መፈንቅለ መንግሥት ካደረጉ በኋላ፣ የሱ ቺ ወገን የሆኑ ፖለቲከኞች ያቋቋሙት ተቃዋሚ መንግሥት በጁን 2021 የ1982ቱን ሕግ እሽራለሁ ብሎ አስታወቀ። ከመፈንቅለ መንግሥቱ በፊት እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ ወገን አልተሰማም ነበር። በራካይን ግን ኃይል ያገኘው ሌላ ወገን ነው፤ የራካይን ቡድሂስቶች ጦር የሆነው «አራካን አርሚ» ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ባካሄደው ዘመቻ አብዛኛውን ክልል ይዞ በዲሴምበር 2024 ማውንግዳውን ተቆጣጠረ። ሲሸነፍ የነበረው ጦር በ2024 የግዳጅ ውትድርና ሕጉን ሥራ ላይ አውሎ ለአሥርተ ዓመታት «ዜጋ አይደላችሁም» ያላቸውን ሮሂንጂያዎች ከየመንደሩ እያፈሰ ወደ ግንባር ላካቸው። ይህም ራካይኖችን የበለጠ አስቆጣ። በሜይ 2024 ቡቲዳውንግ ተቃጠለች፤ በኦገስት መጀመሪያ በናፍ ዳር ለመሻገር የተሰበሰቡ ቤተሰቦች በድሮን ተመቱ፤ ከሞት የተረፉት ጥቃቱን የፈጸመው አራካን አርሚ ነው ሲሉ ቡድኑ ያስተባብላል። እንደ ተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እስከ 2025 አጋማሽ ባሉት 18 ወራት 150,000 ያህል ተጨማሪ ስደተኞች ኮክስ ባዛር ገብተዋል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ መመለስ የሚደራደር ሰው ከሁለት ባለሥልጣናት ጋር መነጋገር አለበት። በሕግ ዜግነት የሚሰጠው መንግሥት መንደሮቹን አልያዘም፤ መንደሮቹን የያዘው አራካን አርሚ ደግሞ ዜግነት የመስጠት ሥልጣን የለውም፤ መሪውም በ2024 በአደባባይ ሕዝቡን «ቤንጋሊ»፣ ማለትም ከቤንጋል የመጣ ባዕድ፣ ብለው ጠርተዋል። በዘ ሄግ ያለው ክስ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።